ሞተሪኖው ሲያፋጭ መጀመሪያ ቮላኖው ይታይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የመኪና ዓምዳችሁ አሮጌ መኪና ላላቸው አንባቢዎች «ሞተሪኖው ካፋጨ አውጥቶ በአዲስ መቀየር ነው» የሚል ምክር ሰጥቷል፤ ሞተሪኖ ማለት ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን የሚያስነሳው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ምክሩ ለዕቃ ሻጭ ይመቻል፤ ለባለ መኪናው ግን ብዙ ጊዜ ኪሳራ ነው። በተበላ የቮላኖ (ከሞተሩ ጋር የሚዞር ባለ ጥርስ ከባድ ክብ ብረት) ጥርስ ላይ አዲስ ሞተሪኖ ማሰር አዲሱንም ፒኞን (ቮላኖውን የሚያዞር የሞተሪኖው ትንሽ ባለ ጥርስ ብረት) ማስበላት ነውና ያው ድምፅ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ የሚከተለውን ማስተካከያ እንድታወጡልን እንጠይቃለን።

ከሁሉ በፊት ድምፁ ይለይ። ቁልፉ ሲዞር «ታታታታ» እያለ በፍጥነት የሚመታ ከሆነ መፋጨት አይደለም፤ ባትሪው ደክሟል፣ ተርሚናሉ ላልቷል፣ አለዚያም ሶሌኖይዱ (ፒኞኑን የሚገፋው የኤሌክትሪክ ማግኔት) ውስጥ ፒኞኑን ይዞ የሚያቆየው ጥቅል ሽቦ ተበጥሷል። ሞተሪኖው ብቻውን «ዚዚዚ» ብሎ ከተሽከረከረና ሞተሩ ንቅንቅ ካላለ፣ ወይ ፒኞኑ ወደ ቮላኖው አልሄደም፣ ወይ በአንድ አቅጣጫ ብቻ መያዝ ያለበት የፒኞኑ ክላች እየከዳ ነው። እውነተኛው መፋጨት ፍሪሲዮን ሳይረገጥ ማርሽ ሲገባ እንደሚሰማው ያለ «ክርርር» ነው፤ ጥርስ ከጥርስ ሳይገባ ጫፍ ለጫፍ ሲላላጥ የሚወጣ ድምፅ።

የሚያፋጨው አልፎ አልፎ ብቻ ከሆነ ቮላኖው ይጠርጠር። ሞተር ሲጠፋ በፈለገበት ቦታ አይቆምም። ፒስተኑ አየር ሲያምቅ ይከብደውና ሁልጊዜ በተወሰኑ ቦታዎች ላይ ያርፋል፤ ባለ 4 ሲሊንደሩ በ2 ቦታ፣ ባለ 6ቱ በ3፣ ባለ 8ቱ በ4። ሞተሪኖው ዓመት እስከ ዓመት የሚመታው እነዚያኑ ጥቂት ጥርሶች ነው፤ ቀሪው የቮላኖ ክፍል ምንም ያልነካው ሊመስል ይችላል። ማረጋገጫው መሣሪያ አይፈጅም። ሲያፋጭ ወዲያው ቁልፉን መልቀቅና ማውጣት፣ ማርሹን ዜሮ ማድረግ፣ ከሻሲው ጋር የተያያዘውን የባትሪ ሽቦ (አብዛኛውን ጊዜ ኔጋቲቩን) መንቀል። ከዚያ በክራንኩ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ፑሊ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጎ፣ በዚያው ፑሊ ቡሎን ላይ መፍቻ አስገብቶ፣ ሞተሩን በሚዞርበት አቅጣጫ ለባለ 4 ሲሊንደር ሩብ ዙር፣ ለባለ 6 አንድ ስድስተኛ ዙር፣ ለባለ 8 አንድ ስምንተኛ ዙር ማዞር። መፍቻው ከወጣና ባትሪው ከተመለሰ በኋላ ሳያፋጭ ከተነሳ ጥርሱ የተበላው ቮላኖው ነው። የትም ቢቆም ካፋጨ ግን ወደ ሞተሪኖው ወይም ወደ አገጣጠሙ እንሄዳለን።

ሞተሪኖው ሲወርድም ያው የባትሪ ሽቦ የግድ ይነቀላል፤ ወፍራሙ ሽቦ ቀጥታ ከባትሪ የሚመጣ ስለሆነ መፍቻ ቢነካው እሳት ነው። መኪናውም በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጠንካራ መደገፊያ ላይ ይቁም። የድሮ ሞተሪኖ ከባድ ነው፤ የመጨረሻው ቡሎን ከመፈታቱ በፊት በእጅ ይያዝ፣ በሽቦው እንዳይንጠለጠል። ከዚያ በቀዳዳው መብራት እያበሩ ሞተሩን አንድ ሙሉ ዙር በእጅ ማዞርና እያንዳንዱን ጥርስ ማየት ነው። ጫፉ ላይ ትንሽ የታጠፈ ብረት ብቻ ካለ በሞረድ ይስተካከላል። ጎን ለጎን ያሉ ጥርሶች እስከ ግማሽ ስፋታቸው ከተበሉ ግን ሞረድ አያድናቸውም።

እዚህ ላይ «ቮላኖው በሙሉ ይቀየር» የሚባል ሌላ ወጪ አለ። በእጅ ማርሽ በሚሠሩ አብዛኞቹ አሮጌ መኪኖች የጥርሱ ቀለበት በሙቀት ቮላኖው ላይ የተጠለቀ ስለሆነ ብቻውን ይለወጣል። (አውቶማቲክ ማርሽ ላይ ቀለበቱ አብዛኛውን ጊዜ ከስስ ሳህን ጋር የተበየደ ነው፤ እሱ ከነሳህኑ ይቀየራል።) ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) እና ፍሪሲዮን ከወረዱ በኋላ ቮላኖው ከክራንኩ ጋር ያለው አቀማመጥ ምልክት ተደርጎበት ይፈታል። አሮጌውን ቀለበት ለማውጣት በሁለት ጥርሶች መካከል ቮላኖውን ሳይነኩ መብሳትና በመሮ መሰንጠቅ ነው። አዲሱ ከ200 እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ዙሪያውን እኩል ይሞቃል። 300 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀለበት በዚህ ሙቀት 0.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ያቺ ናት እንዲጠልቅ የምታደርገው። ምድጃ ይሻላል፤ በእሳት ከሆነ ግን ቀድሞ ተሞርዶ የነጣ ቦታ ፈዛዛ የገለባ ቀለም ሲይዝ ይበቃል። ሰማያዊ ከሆነ አልፏል፣ ከቀላ ደግሞ የጥርሱ ጥንካሬ ጠፍቷል። ቶሎ አስቀምጦ ዙሪያውን እስኪቀመጥ መታ መታ ማድረግ፣ ከዚያ በራሱ እንዲበርድ መተው፤ ውሃ አይፈስበትም። የጥርሶቹ ሆን ተብሎ ሰያፍ የተደረገ ጫፍ ፒኞኑ ወደሚገባበት ጎን ይዞር። ይህን የሚገለብጡ አሉ፣ መኪናውም በመጀመሪያው ቀን ያፋጫል።

ቮላኖው ደህና ከሆነ ተራው የሞተሪኖው ነው። እንደ ሞሪስ ማይነርና እንደ መጀመሪያዎቹ ኤም ጂ ቢ ባሉት መኪኖች ላይ ያለው ባለ ቤንዲክስ ነው፤ ፒኞኑ በጠመዝማዛ ጥርስ ላይ ራሱ ተንሸራቶ ይገባል፣ ሞተሩ ሲነሳ ተወርውሮ ይወጣል። ዋና ጠላቱ ግራሶ ነው። ለመልካም አስበው የሚቀቡት ግራሶ የፍሪሲዮኑን አቧራ ይይዝና ይደርቃል፤ ፒኞኑም ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። በነጭ ጋዝ አጥቦ ማድረቅና ደረቅ ግራፋይት መንካት በቂ ነው። ሶሌኖይድ ፒኞኑን በሹካ በሚገፋበት ዓይነት ደግሞ ሹካው፣ የክላቹ መያዝና የአፍንጫው (የሞተሪኖው የፊት ጫፍ) ቦኮላ፣ ማለትም ዘንጉ የሚዞርበት የነሐስ ቀለበት፣ ይታያሉ። ቦኮላው ሲበላ ፒኞኑ ከቮላኖው ይሸሻል፤ ጥርሱ በጫፉ ብቻ ይነክሳል። በአሮጌው ቮልስ ላይ ይህ ቦኮላ ያለው ሞተሪኖው ውስጥ ሳይሆን በካምቢዮው ቤት ውስጥ ነው። ሞተሪኖ እየቀያየሩ ድምፁ ያልጠፋላቸው ባለ ቮልሶች ብዙ ጊዜ ያልነኩት እሱን ነው። አዲሱ የነሐስ ቦኮላ ከመግባቱ በፊት ንጹሕ የሞተር ዘይት ውስጥ አንድ ቀን ይደር።

የዕቃ መሳሳትም አለ። ባለ 6 ቮልት የቮልስ ቮላኖ 109 ጥርስ፣ ባለ 12 ቮልቱ 130 ጥርስ ነው፤ የአንዱ ሞተሪኖ ከሌላው ጋር በትክክል አይናከስም። የሼቭሮሌት አነስተኛው ቪ 8 ሞተርም 153 ወይም 168 ጥርስ ይኖረዋል፤ የሞተሪኖው አፍንጫም በዚያው ልክ ይለያል። እዚያ ላይ በፒኞኑ ጥርስ ጫፍና በቮላኖው የጥርስ ሥር መካከል ከ0.5 እስከ 0.9 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይፈለጋል፤ የሚስተካከለውም ሺም በሚሉት ስስ የብረት ንጣፍ ነው። ሞተሩ ሳይነሳ ገና ሲዞር ቀጭን ጩኸት ከተሰማ ክፍተቱ ሰፍቷል፣ ንጣፍ ይቀነስ። ከተነሳ በኋላ ቁልፉ ሲለቀቅ ከጮኸ ጠቧል፣ ይጨመር። ቡሎኖቹ አንገታቸው ላይ የተቆራረጠ መስመር ያላቸው፣ ሞተሪኖውን በቦታው የሚያስተካክሉ ናቸው፤ ከሳጥን የተገኘ ተራ ቡሎን አይተካቸውም።

ኤሌክትሪኩን አትርሱ። ሶሌኖይዱ ጉልበት ካነሰው ፒኞኑን እስከ መጨረሻው አይገፋም፤ ጥርሶቹ በሩብ ስፋታቸው ሙሉውን ሸክም ይሸከማሉ፣ ይላጣሉ። ባለ 12 ቮልት ባትሪ አርፎ 12.6 ቮልት ያህል ማሳየት አለበት። ሞተሩ እንዳይነሳ የኮይሉን (ለብልጭታ ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠውን) ወፍራም ሽቦ ከዲስትሪቢውተሩ (ብልጭታውን ለካንዴላዎች ከሚያከፋፍለው) ነቅሎ ከሞተሩ ብረት ጋር ካገናኙ በኋላ ቁልፉ ሲዞር ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም። በዚያው ጊዜ ከሻሲው ጋር ካልተያያዘው የባትሪ ጫፍ (አብዛኛውን ጊዜ ፖዘቲቩ) እስከ ሞተሪኖው ከ0.5 ቮልት በላይ ከጠፋ ሽቦው ወይም ማያያዣው ተበላሽቷል። ሞተሩ የሚቀመጠው ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ የጎማ ትራስ ላይ ስለሆነ፣ ከሻሲው ጋር የሚያገናኘው የተጎነጎነ ሽቦ ዝጎ ከሆነ እሱ ካልታየ የትም ብትፈልጉ ጉድለቱን አታገኙትም።

ሌላው ምክንያት ከሞተሪኖው ውጭ ነው። የዲስትሪቢውተሩ ሰዓት (ብልጭታው የሚሰጥበት ቅጽበት) ከልክ በላይ ከቀደመ ሞተሩ ሲዞር ወደ ኋላ ይመታል፤ ያ ምት የፒኞኑን ጥርስ ይሰብራል፣ አንዳንዴም የሞተሪኖውን አፍንጫ ይሰነጥቃል። አፍንጫው ተሰንጥቆ የወረደ ሞተሪኖ ካለ አዲሱ ከመታሰሩ በፊት ሰዓቱ ይለካ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአሮጌ መኪና ጥገና ባለሙያዎች