ከናዝሬት እስከ ኤፍራታ አባታችንን ለሸኛችሁልን ሁሉ

በአሜሪካ በላንካስተር፣ እንዲሁም በአዳማና በአዲስ አበባ ላላችሁ ወገኖቻችን፤ አባታችን ወደ ጌታ በተሰበሰቡበት ሳምንት ላልተለያችሁን ሁሉ ብድራችሁን እግዚአብሔር ይክፈልልን። ስማችሁን አንድ በአንድ ብንጽፍ ደስ ባለን። ነገር ግን አባታችን በቢጫ ፎልደር ውስጥ በእጃቸው ጽፈው ከተዉልን ስድስት መስመር የመጀመሪያው «ፎቶዬን አትለጥፉ፤ ስሜንም አታግንኑ» የሚል ነው። ስለዚህ እሳቸውንም እናንተንም የምናነሣችሁ በሥራችሁ ብቻ ነው።

ስለዚያ ፎልደር የጠየቃችሁን ብዙ ናችሁ። ውስጡ የነበረው የዜግነት ወረቀት፣ ፓስፖርት፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የመቃብር ቦታው ደረሰኝ፣ የአዳማው እድር ደብተር ቅጂና አንዲት ገጽ ናት። ገጿ ላይ ሙሉ ስማቸው ከነአባት፣ ከነአያትና ከነእናት ስም በአማርኛና በእንግሊዝኛ ፊደል ጎን ለጎን ተጽፏል። ያዳነችን እሷ ናት። ቀብር አስፈጻሚው የሞት ምስክር ወረቀቱን ከማስመዝገቡ በፊት የሟችን ወላጆች ስም፣ የትምህርት ደረጃ፣ ዕድሜ ልክ የሠሩትን ሙያ፣ ውትድርና ማገልገል አለማገልገላቸውን ሁሉ ይጠይቃል። አያቱን «እማማ» ሲል ያደገ ልጅ ስሟን ከነአባቷ በዚያ ሰዓት ከየት ያምጣው? የልደት ቀንም እንደዚሁ ነው። የብዙ አባቶች ወረቀት ላይ የኢትዮጵያው ወርና ቀን ሳይሰላ እንዳለ የፈረንጅ ሆኖ ገብቷል፤ የሌሎቹ ደግሞ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ታልፏል። እሳቸው ሁለቱንም ቀን ጽፈው፣ ሶሻል ሴኩሪቲ የያዘው የትኛው እንደሆነ ከሥሩ አስምረውበታል።

ያም ሆኖ የሞት ምስክር ወረቀቱ የመጀመሪያ ረቂቅ ሲመጣ የአያታቸው ስም ጠፍቶ የአባታቸው ስም «የመጨረሻ ስም» ሆኖ ነበር። አንዱ ወረቀት በአባት፣ ሌላው በአያት ስም ሲወጣ በመዝገብ ላይ ሁለት ሰው ይሆናሉ፤ ባንኩም ኢንሹራንሱም ይቆማል። ፊደል በፊደል አንብበሽ የያዝሽው እህታችን፣ ምን ያህል መከራ እንዳስቀረሽልን የማናውቅ እንዳይመስልሽ። ሳይመዘገብ በስልክ የሚታረመው ስሕተት ከተመዘገበ በኋላ ማስረጃ እየሰበሰቡ ማመልከቻ ማስገባት ይጠይቃል። ማኅተም ያለበትን ቅጂ አሥር እንድናወጣ የመከራችሁንም ልክ ነበራችሁ፤ እስካሁን ሰባቱ ሄደዋል። ለኢትዮጵያ የሚላከው አንዱ በግዛቱ መንግሥት፣ በአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትና በዋሽንግተኑ ኤምባሲያችን በየተራ መረጋገጥ ስላለበት ገና መንገድ ላይ ነው።

ሁለተኛው መስመር «በሞትኩበት ቅበሩኝ፤ ለሳጥን ማጓጓዣ የሚወጣው ገንዘብ ለባልዲ ይሁን» ይላል። ባልዲው ምን እንደሆነ ለማታውቁት ከታች እንመጣበታለን።

አባታችን የናዝሬት፣ የዛሬዋ አዳማ፣ ልጅ ነበሩ። ሜኖናይቶች የሚባሉት ፕሮቴስታንት ክርስቲያኖች ከጣሊያን ወረራ በኋላ ሥራ ባስጀመሩት፣ በአርበኛው ኃይለ ማርያም ማሞ ስም በሚጠራው ሆስፒታል ድሬሰርነት ተምረው እዚያው ቁስል ሲያጥቡና ሲያሽጉ ኖሩ። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አባል የሆኑትም በዚያው በኩል ነው። ደርግ ጥር 16 ቀን 1974 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኒቱን ዘግቶ ንብረቷን ሲወርስና መሪዎቿን ሲያስር አባላቷ 5,000 ገደማ ነበሩ። በየቤቱ አምስት፣ ስድስት እየሆኑ፣ አንድ በአንድ እየገቡ አንድ በአንድ እየወጡ ቆይተው ደርግ ሲወድቅ ከ30,000 በላይ ሆነው ተገኙ። እሳቸው በዚያ ዘመን ያደርጉ የነበረውን ሲጠየቁ «ሻይ እቀዳ ነበር» ከማለት አልፈው አያውቁም። ወደ ፔንስልቬንያ የመጡት በጡረታ ዕድሜያቸው፣ በልጅ ጥሪ ነው። ከናዝሬት ተነሥቶ ኤፍራታ መድረስ የመጽሐፍ ቅዱስ ካርታ ይመስላል፤ ላንካስተር ካውንቲ ውስጥ ያለችው ኤፍራታ ግን የሜኖናይቶች የእርዳታ ድርጅት የሆነው የሜኖናይት ሴንትራል ኮሚቴ መጋዘን ያለባት ትንሽ ከተማ ናት። እንግሊዝኛቸው ሳይፈታ ሥራቸው እዚያ ተፈታ።

እዚያ ከጎናቸው ለሠራችሁ እህቶች ልዩ ምስጋና አለን። ኮምፎርተሩን፣ ድርቡን ብርድ ልብስ ማለታችን ነው፣ መወጠሪያ ላይ ማሰር ያስተማራችኋቸው እናንተ ናችሁ። ቋጠሮውን ግን እሳቸው እንዳስተማሩዋችሁ ሰምተናል። አንዱ ብርድ ልብስ ወርዱ 150፣ ቁመቱ 200 ሳንቲሜትር ግድም ነው፤ ከላይ የተቀጣጠለ ጨርቅ፣ ከመሃል ፋይበር፣ ከሥር አንድ ወጥ ጨርቅ። ሦስቱ እንዳይንሸራተቱ በየ10 ሳንቲሜትሩ ይታሰራሉ፤ ከ250 በላይ ቋጠሮ ማለት ነው። መርፌው ሦስቱንም በስቶ ይወርድና ግማሽ ሳንቲሜትር ፈንጠር ብሎ ይመለሳል። ከዚያ ቀኙ በግራው ላይ፣ ቀጥሎ ግራው በቀኙ ላይ። ሁለቱንም ጊዜ ቀኙን በግራው ላይ ያደረገ ሰው ቋጠሮው ሲታይ ያምራል፤ ሁለተኛ እጥበት ላይ ይፈታል። አባታችን ቁስል ሲሰፋ እንዳዩት፣ የመጀመሪያውን ዙር ሁለቴ ይጠመዝዙት ነበር፤ ሁለተኛው እስኪታሰር ክሩ አይላላም። አጥብቀው የሚስቡትን «ጨርቁም እንደ ሥጋ ነው፤ ከታነቀ ይቀደዳል» ይሉ ነበር። ጫፉ ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል ይተዋል፤ ካጠረ ይተረተራል፣ ከረዘመ ልጆች ይጎትቱታል። የወታደር ልብስ መልክ ያለው ጨርቅ ከቁርጥራጩ መሃል ሲያገኙ ዝም ብለው ወደ ጎን ያኖሩታል። ከጦርነት የሸሸ ሰው ያንን ለብሶ አይተኛም።

አሁን ባልዲው። ከቤታቸው ለተፈናቀሉ ሰዎች የሚላክ የእርዳታ ዕቃ ነው። በአበባ ፈንታ 41 ባልዲ አምጥታችኋል። 20 ሊትር ግድም የሚይዘው ባልዲ ውስጥ አራት የገላ ሳሙና፣ አራት ትልልቅ የልብስ ሳሙና፣ አንድ ሻምፖ፣ አራት የጥርስ ብሩሽ፣ አራት ፎጣ፣ ሁለት ሰፋፊ ጥርስ ያለው ማበጠሪያ፣ የጥፍር መቁረጫ፣ የቁስል ፕላስተርና የሴቶች ንጽሕና መጠበቂያ ይገባል። ባልዲው ራሱ ኋላ ውኃ ይቀዳበታል። ከ41ዱ ስድስቱ ተመልሰው ተስተካክለዋል፤ ቅር እንዳይላችሁ፣ ምክንያቶቹ ሁልጊዜ የተለመዱት ናቸው። ሻምፖው በሚዘጋ ፕላስቲክ ከረጢት ካልገባ በመርከብ ሙቀት ይፈስና ፎጣውን ሁሉ ያበላሻል። የጥርስ ብሩሹ ከማሸጊያው ከወጣ አይሆንም። ሁለቱ ባልዲዎች ደግሞ ቀለም የነበረባቸው ናቸው፤ ውኃ ሊቀዳበት ስለማይችል ቀይረናቸዋል። ክዳኑ አልዘጋ ያላችሁ ፎጣውን ስላጠፋችሁት ነው፤ ጠቅልላችሁ በዳር በዳር አቁሙት፣ ሳሙናው ከመሃል ይግባ።

ለቀብሩ ሳጥኑን ከተራ ጥድ የሠራችሁልን ወንድሞች፣ ዋጋ አልቀበልም ማለታችሁን አልረሳንም። የመቃብሩ ሲሚንቶ ሽፋን ያልጠበቅነው ወጪ ነበር። ሕጉ አያስገድድም፤ አፈሩ እንዳይሰምጥና የሣር ማጨጃው እንዳይገለበጥ ብለው የሚጠይቁት መካነ መቃብሮቹ ናቸው። ቦታ ስትገዙ አስቀድማችሁ ጠይቁ። አፈሩን በማሽን ሳይሆን በአካፋ እየተፈራረቃችሁ የመለሳችሁት ግን የአካባቢው ሜኖናይቶች ልማድ ሆኖ ከእኛው ጋር ገጠመ። በስምንት አካፋ አርባ ደቂቃ አልፈጀም።

ያለ ሙዚቃ መሣሪያ በአራት ድምፅ የዘመሩልን የአካባቢው ምእመናንና የእኛው መዘምራን ተስማምተው ፕሮግራሙን በሰዓቱ ጨረሱ። ይህ በእኛ ዘንድ ተአምር ነው። ስብከቱን በሁለት ቋንቋ አሳትማችሁ ማደላችሁ ሳይረዳ አልቀረም፤ ማስተርጎም ጊዜውን እጥፍ ያደርገዋል።

ወጥ ቤቱ ደግሞ። የአካባቢው ሜኖናይቶች ለለቅሶ ቤት የሚጋግሩት የዘቢብ ፓይ አላቸው፤ እኛ ንፍሮ አለን። ሁለቱ ከአንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው አይተን አናውቅም ነበር። 10 ኪሎ ስንዴና 5 ኪሎ ሽምብራ ከዋዜማው ዘፍዝፋችሁ፣ ስንዴው ስለሚዘገይ አስቀድማችሁ ጥዳችሁ፣ ጨው መጨረሻ ላይ ጨመራችሁ። ውኃው በደንብ ተጠልሎ በሰፊ ትሪ ስለተዘረጋ እስከ ማታ አልኮመጠጠም። በድስቱ ታፍኖ የዋለ ንፍሮ ምን እንደሚሆን የምታውቁ ታውቃላችሁ። እንጀራውን በየቤታችሁ የጋገራችሁ 500 አድርሳችኋል፤ አሥራ ስምንት ተረፈ።

በአዳማ ለምትገኙ የእድራችን ዳኛ፣ ጸሐፊና አባላት፤ አባታችን በእህታቸው በኩል ወር በወር መክፈላቸውን ቆጥራችሁ፣ በሌሉበት ድንኳኑን ተክላችሁ፣ ወንበሩንና ሳህኑን አውጥታችሁ ሦስት ቀን ሙሉ አልተለያችሁም። አብዛኞቻችሁ ኦርቶዶክስና ሙስሊም ናችሁ። የጴንጤ አስከሬን መቀበሪያ ሲያጣ ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

በጌታ እራት ቀን የእግር ማጠቢያውን ሳህን የተረከብክ ወንድማችን፣ ጸሎተ ሐሙስን እያየህ ላደግክ ነገሩ አዲስ አይሆንብህም። አንድ ነገር ብቻ እንንገርህ። ስብከቱ ሲጀመር የተቀዳ ሙቅ ውኃ ሥርዓቱ እስኪደርስ ይቀዘቅዛል። አባታችን ሳህኑን እስከ ሲሶው ብቻ ሞልተው፣ ማንቆርቆሪያውን ወጥ ቤት ትተው፣ በመጨረሻው መዝሙር ይጨምሩበትና በክርናቸው ይለኩት ነበር። የሴቶቹ ክፍል ራቅ ስለሚል የእነሱ ቀድሞ ይሂድ።

በኤፍራታ መወጠሪያው ላይ የቀረው ብርድ ልብስ ሁለት ረድፍ ይጎድለዋል። መርፌው ጥጉ ላይ እንደተሰካ ነው፤ መጥቶ የሚጨርስ ካለ ክሩ ከሥሩ በካርቶን ውስጥ አለ።

ድስት፣ ክዳንና ጭልፋ ያልተመለሰላችሁ፦ ዘጠኝ ድስትና አሥራ አንድ ክዳን በቤተ ክርስቲያኑ ወጥ ቤት ታጥበው ተቀምጠዋል። ስም የሌለባቸው ላይ ቁጥር ለጥፈናል። የትልቁ ብረት ድስት ባለቤት፣ እባክዎ ሰው ይዘው ይምጡ፤ ብቻዎን አያነሡትም።

ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው