ማን ላካችሁ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው ሰሞን ስለ ዲሞክራሲ ደረጃ ያወጣችሁትን ጽሁፍ አንብቤዋለሁ፣ ጥሩ ነው፣ ግን የህዝብ አስተያየቱን ፐርሰንት ልክ በቴርሞሜትር እንደተለካ ነገር "ይሄን ያህሉ ረክቷል" ብላችሁ አለፋችሁት። እኔ ከዓመታት በፊት ዳታ ኮሌክተር ሆኜ ደቡብ ወሎ ውስጥ ቤት ለቤት ፎርም ስሞላ ስለከረምኩ ትንሽ ልበል።

አንድ ቀን ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ያለ ቤት ገባን፣ እናትየው በርበሬ እያሰጡ ነበር። ባጃችንን አዩ፣ የወረዳውን የድጋፍ ደብዳቤም አሳየናቸው (ያለሱ ማን ያስገባችኋል)። ከመንግስት እንዳልመጣን፣ ስማቸውም እንደማይጻፍ አነበብኩላቸውና ጀመርን። ቀበሌው እንዴት ነው? "ጥሩ ነው ልጄ።" ወረዳውስ? "እሱም ጥሩ ነው።" ምርጫውስ? "ተመስገን፣ ምን ጎደለብን።" አንድ ሰዓት ሙሉ እኔ አከብባለሁ እሳቸው ጥሩ ነው ይላሉ። መጨረሻ ላይ "ለመሆኑ ማን የላከን ይመስልዎታል?" የሚል ጥያቄ አለች፣ ገርሟቸው አዩኝና "መንግስት ነዋ! ሌላ ማን ይልካል?" አሉ። ፎርሙን ቦርሳዬ ውስጥ ከከተትኩ በኋላ ነው እንግዲህ ቡናው ቀርቦ ወሬው የመጣው፣ ማዳበሪያው ዘግይቶ፣ ዋጋው አልቀመስ ብሎ፣ ለአንዲት ወረቀት ቀበሌ ሶስቴ ተመላልሰው፣ ምናምን፣ ከዛ "ሰማይ አይታረስ ንጉስ አይከሰስ" ብለው ሳቁ። ይሄ ሁሉ ፎርሙ ላይ የለም።

የኔ ገጠመኝ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አፍሪካ ውስጥ ህዝብ የሚጠይቀው አፍሮባሮሜትር ኢትዮጵያ ላይ የመጀመሪያ ጥናቱን በ2013 እ.ኤ.አ. ሲሰራ ህዝቡ ለሀገሩ ዲሞክራሲ የሰጠው ነጥብ በአህጉሩ ከፍተኛ ከሚባሉት ሆኖ ቁጭ አለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ኢህአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም የፓርላማ ወንበር ጠራርገው ወሰዱ። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ግራ ስለገባቸው ይሄ ነገር ፍርሃት ነው፣ አለማወቅ ነው ወይስ ሰዉ ዲሞክራሲ ሲባል የሚገባው ሌላ ነው ብለው ጽፈውበታል። "ማን የላከን ይመስልዎታል" የምትለዋ ጥያቄም እነሱ ፎርም ላይ አለች፣ ለጌጥ አይደለም የተቀመጠችው።

ፍርሃቱን ለመለካት የሞከሩም አሉ። በ2015 እ.ኤ.አ. ሩሲያ ውስጥ ተመራማሪዎች አንድ ብልሃት ተጠቀሙ፣ ግማሹን ሰው ስታሊን፣ ብሬዥኔቭ፣ የልሲን ብለው የሶስት የድሮ መሪዎች ስም ያነቡለትና "ከነዚህ ስንቱን ትደግፋለህ? ማንን እንደሆነ አትንገረን፣ ቁጥሩን ብቻ" ይሉታል፣ ለሌላው ግማሽ እዛው ላይ ፑቲንን ይጨምሩበታል፣ ከዛ የሁለቱ አማካይ ልዩነት የፑቲንን ድጋፍ ይሰጣል፣ ማንም ግን አፍ አውጥቶ አልደግፍም አላለም። ውጤቱ በቀጥታ ሲጠየቁ ከሚሰጡት መልስ ወደ 10 ነጥብ ገደማ ዝቅ አለ። ያም ሆኖ ድጋፉ ትልቅ ነበር፣ ስለዚህ ሁሉም ይዋሻል ማለትም አይሆንም።

በነገራችን ላይ "እኔን ማን ጠየቀኝ" እያሉ ጥናት የሚያጣጥሉትም አያሳምኑኝም። በስርዓቱ ዕጣ ወጥቶ የተመረጠ 2,400 ሰው ለሀገር ይበቃል፣ ስህተቱም ከ2 ፐርሰንት ብዙ አይዘልም። ግን ያቺ 2 ፐርሰንት የዕጣውን ስህተት ነው የምትለካው እንጂ የሴትየዋን "ጥሩ ነው" አይደለም።

ሌላው ቅር ያለኝ ደግሞ ሰንጠረዣችሁ ነው። ስዊድን ጎተንበርግ ያለው ቪ-ዴም የሚባለው የዲሞክራሲ መለኪያ ተቋም በዋናነት የሚጠይቀው አገሩን የሚያውቁ ባለሙያዎችን ነው፣ የሀገሮችን ነጻነት የሚመዝነው የአሜሪካው ፍሪደም ሃውስ ተንታኞቹን አስቀምጦ ከ100 ነጥብ ያሰጣል፣ አፍሮባሮሜትር ደግሞ በርበሬ የሚያሰጡትን እናት ነው የሚያናግረው። እናንተ ሶስቱንም ጎን ለጎን ደርድራችሁ ቁጥሮቹ ለምን ተለያዩ አላችሁ፣ ምን ታረጉት ታዲያ፣ የተጠየቀው ሰው እኮ ሌላ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ቀላል ነው፣ ወደፊት ፐርሰንት ስታወጡ ከስሩ ሁለት መስመር ጨምሩልን፣ ማን ማንን በምን ቋንቋ እንደጠየቀ፣ ጥያቄው ካለበት ደግሞ ከመላሾቹ ስንቱ "መንግስት ነው የላካችሁ" እንዳለ።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከደሴ