ጉዳዩ፦ «ረቡዕ ጠዋት 3 ሰዓት ይምጡ» ተብዬ ስለተመለስኩበት ቀን

ጥር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.
ጎንደር

ለባንኩ የደንበኞች ቅሬታ ክፍል
ግልባጭ፦ ለፒያሳው ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ

ጤና ይስጥልኝ።

የሂሳቤ ታሪክ ፋይሌ ውስጥ ስላለ ከሥሩ አልጀምርም። የዶላር ሂሳቤን አግዳችሁታል። ምክንያቱ የምሠራበት አገር የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የሰጠኝ የመኖሪያ ፈቃድ ቅጂ ጊዜው አልፏል ነው። አዲሱን ይዤ መጣሁ። እስካሁን አምስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። አራቱን ጊዜ ዋጥ አድርጌ ትቼዋለሁ። አምስተኛው ግን አልዋጥልህ አለኝ። ረቡዕ ጥር 13 ቀን የሆነውን ማለቴ ነው።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከዚያ በፊት የነበረውን ሐሙስ ላስቀድም። ሐሙስ ጥር 7 ከሰዓት በኋላ የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ቢሮ ገባሁ። በአክብሮት ነው የተቀበሉኝ፤ ይህን አልክድም። ወንበር ሳቡልኝ። የኤምሬትስ መታወቂያዬን አገላብጠው አዩት። «ይሄ ችግር የለውም። እኔ ራሴ ለዋናው መሥሪያ ቤት እልከዋለሁ። አሁን የበዓል ሰሞን ሆኖ ነው እንጂ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ረቡዕ ጠዋት 3 ሰዓት ይምጡ፤ ፈርመው ብቻ ይሄዳሉ» አሉኝ። ደግሜ ጠየቅኋቸው። «ሌላ የምይዘው ወረቀት አለ?» «ምንም የለም። ፓስፖርትዎንና ይህን ካርድ ብቻ» አሉ። ስሜን አጀንዳቸው ላይ ሲጽፉም አይቻለሁ።

እኔ ይህን እንደ ቃል ነው የወሰድኩት። በዚያው ሐሙስ «ቅዳሜ ገበያ» ወደሚባለው ገበያ ሄጄ ከቆርቆሮ ነጋዴ ጋር ተዋዋልኩ። የእናቴ ቤት ጣሪያ ነው። አናጢውንም «ሐሙስ ጥር 14 ጀምር» አልኩት። ከዚያ ልቤ አርፎ ጥምቀትን አከበርኩ። ታቦታቱ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ካየሁ አምስት ዓመት ሆኖኝ ነበር።

ረቡዕ ከአዘዞ በጠዋት ተነሣን። እህቴ አብራኝ ነበረች፤ ከሄድኩ በኋላ ሂሳቡን በውክልና የምታንቀሳቅሰው እሷ ናት። 2 ሰዓት ተኩል ላይ በራችሁ ላይ ነበርን። 3 ሰዓት ሞላ። ሥራ አስኪያጁ የሉም። ለስብሰባ ባሕር ዳር ሄደዋል ተባልን። ሰው ስብሰባ ይሄዳል፤ በዚህ አልተቀየምኩም። የተቀየምኩት ለማንም ሳይነግሩ በመሄዳቸው ነው። ለምክትላቸው አንድ ቃል፣ ወይም ፋይሌ ላይ አንድ ብጣሽ ወረቀት ትበቃ ነበር።

መስኮት 4 ሂዱ አሉን። 40 ደቂቃ ቆመን ተራችን ደረሰ። ከዚህ በኋላ የተባባልነውን እንዳለ እጽፈዋለሁ። እህቴም ምስክር ናት።

«ምን ነበር?» አለኝ ሠራተኛው፣ ቀና ሳይል።

«የታገደ ሂሳብ ለማስከፈት ነው። ሥራ አስኪያጁ ለዛሬ 3 ሰዓት ቀጥረውኝ ነበር።»

«እኔ ጋ የደረሰኝ ነገር የለም።»

ፓስፖርቴን ተቀበለና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ ገለበጠው። «ቪዛው የታለ?»

«እዚያ አገር ፓስፖርት ላይ መለጠፍ ቀርቷል። አሁን የመኖሪያ ፈቃዱ ይሄ ካርድ ነው» አልኩና መታወቂያውን ሰጠሁት።

ጀርባውን አየና መልሶ ገፋልኝ። «ይሄ የመሥሪያ ቤት ባጅ ነው። የድርጅትህ ስም ተጽፎበት የለ እንዴ?»

«ወንድሜ፣ አሠሪዬ ማን እንደሆነ ጀርባው ላይ ስለሚጻፍ ነው። ካርዱን የሚሰጠው ድርጅቱ ሳይሆን መንግሥት ነው።»

«አቡዳቢ ካለው ኤምባሲያችን አስመስክረህ አምጣ።»

«እኔ አሁን ያለሁት ጎንደር ነው።»

«ታዲያ ሂድና አስጨርሰህ ና። ካልሆነም እስኪያልቅ እዚሁ ቆይ። ምን አስቸኮለህ?» አለኝ። ይኸኔ ድምፁን ከፍ አደረገ። «እናንተ ሰው አገር ሠርታችሁ ስትመጡ ሁሉ ነገር በናንተ ፍጥነት እንዲሄድ ትፈልጋላችሁ። እዚህ ሕግ አለ!»

እህቴ ጣልቃ ገባች። «ሥራ አስኪያጁ እኮ ይሆናል ብለውታል» አለች፤ በለዘበ አነጋገር ነው።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ? ዘወር በይ፣ ወረፋ አትዝጊ!»

አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። እህቴ አስተማሪ ናት። ከተሰለፉት መካከል ያስተማረቻቸው ልጆች ወላጆች ነበሩ። አዘዞ እስክንደርስ ባጃጅ ውስጥ አንድ ቃል አልወጣትም። እኔን «አንተ» ማለቱን እንኳ ልተወው። እሷን እንደዚያ ማዋረዱ ግን አሁንም ያንገበግበኛል።

አሁን ስለ ካርዱ ልንገራችሁ። መስኮት 4 ላይ ሊሰማኝ የፈለገ ስላልነበረ እዚህ ልጻፈው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የመኖሪያ ቪዛ ስቲከር ፓስፖርት ላይ መለጠፍ ያቆመው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 ነው። በእኛ 2014 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ የነዋሪነት ማስረጃው የኤምሬትስ መታወቂያው ራሱ ነው። በ784 የሚጀምር 15 አኃዝ ቁጥር አለው። የሚያበቃበት ቀን ፊቱ ላይ ተጽፏል። የሚሰጠውም የአገሪቱ የፌዴራል የማንነት፣ የዜግነት፣ የጉምሩክና የወደብ ደኅንነት ባለሥልጣን ነው። ከዚሁ ባለሥልጣን መተግበሪያ ላይ የነዋሪነት ማስረጃዬን አትሜ አያይዤ ነበር። ሠራተኛችሁ ወረቀቱን አልገለጠውም። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ይህንኑ ካርድ አይተው ያሳፍሩኛል። የምኖርበት ከተማ ሻርጃ ስደርስም በዚሁ እገባለሁ። ስቲከር እንዳመጣ ብገደድ የማመጣበት ቦታ የለም፤ የሚያትመው የለምና።

ደግሞም እናንተው አንድ ጊዜ ተቀብላችሁታል። በ2016 የዚህኑ ዓይነት ካርድ ቅጂ በኢሜይል ልኬ ሂሳቤን ያለ አንዳች ጥያቄ አድሳችሁልኛል። ቅጂው ፋይሌ ውስጥ ነው። ያኔ መኖሪያ ፈቃድ የነበረ ካርድ ዘንድሮ ባጅ የሆነው በምን ምክንያት ነው? መልሱን በጽሑፍ እፈልገዋለሁ።

«እዚሁ ቆይ» ለተባልኩትም መልስ አለኝ። እዚያ አገር በቅጥር የሚኖር የውጭ ሰው በዓመት የሚያገኘው ፈቃድ 30 ቀን ነው። እኔም ለገናና ለጥምቀት ብዬ ያገኘሁት ይህንኑ ነው። ከዚያ በላይ ብቀር ሥራዬን አጣለሁ። ሥራው ከሄደ የመኖሪያ ፈቃዱም ይሰረዛል፤ የቆመው በአሠሪው ነውና። ከአገሩ ወጥቶ በተከታታይ ከስድስት ወር በላይ የቆየ ሰውማ ሥራ ቢኖረውም ፈቃዱ ዋጋ ያጣል። እኛ ቀን የምንቆጥረው በጥጋብ አይደለም። ተመልሰን የምንገባበት በር እንዳይዘጋብን ነው።

ከጀመርኩ አይቀር የዋጥኳቸውንም ልንገራችሁ።

የልደት ቀኔ እናንተ ጋ ተሳስቷል። የተወለድኩት ታኅሣሥ 12 ቀን 1982 ነው። በፈረንጅ ዲሴምበር 21 ቀን 1989 ማለት ነው፤ ፓስፖርቴም የፋይዳ መታወቂያዬም ይህንኑ ይላሉ። ሂሳቡን የከፈተልኝ ሰው ግን ቀኑን ሳይቀይር እንዳለ 12/04/1982 ብሎ በፈረንጅ አቆጣጠር ቦታ ላይ አስገባው። ስለዚህ በእናንተ ሲስተም የተወለድኩት ኤፕሪል 12 ቀን 1982 ነው። ከእውነተኛ ዕድሜዬ በሰባት ዓመት ከስምንት ወር እበልጣለሁ። ስሕተቱ የእናንተ ሆኖ ሳለ የልደት ሰርተፍኬት አምጣ የተባልኩት እኔ ነኝ። አመጣሁ። ባለፈው ሳምንት ጠየቅኩ፤ አሁንም አልተስተካከለም።

የማረጋገጫ ኮዱም እንደዚሁ። የምትልኩት በአገር ቤት ስልክ ብቻ ነው። ሻርጃ ውስጥ ያ ሲም አይሠራልኝም። የውጭ ስልክ ቁጥሬን እንድትመዘግቡ ሁለት ጊዜ ቅጽ ሞልቻለሁ።

ውክልናውን ደግሞ በሰነዶች ማረጋገጫ ተፈራርመን ካመጣን በኋላ «የሂሳብ ቁጥሩ አልተጠቀሰም» ተብሎ ተመለሰ። ይሁን፣ ትክክል ሊሆን ይችላል። ግን አስቀድማችሁ ብትነግሩን ምን ነበረበት? ተመልሰን አሠራነው። በሁለተኛው ቀን ሲስተም የለም ተባልኩ። በሦስተኛው ቀን ኮፒ ጎደለ ተብዬ ከባንኩ ወጥቼ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። የሚጎድለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚናገር ሰው አልነበረም። ነጻ የጥሪ መስመራችሁ ላይ ያነጋገረችኝ ልጅ ግን «ካርዱ በቂ ነው» ብላኛለች። ባለፉት ሁለት ሳምንታት በትክክል የመለሰችልኝ እሷ ናት፤ ልትመሰገን ይገባታል።

የቅርንጫፉ ግድግዳ ላይ በውጭ የምንኖረውን የሚጋብዝ ትልቅ ፖስተር ለጥፋችኋል። በሕጋዊ መንገድ ላኩ ይላል። እኔ በዚያ መንገድ ከሄዱት ነኝ። የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 በፊት፣ በጥቁር ገበያና በባንክ መካከል ያለው ልዩነት ሰማይና ምድር በነበረበት ጊዜም፣ ገንዘቤ በባንክ ነው የገባው። አብረውኝ ከሚኖሩት ልጆች ጋር በዚህ ጉዳይ ስንት ጊዜ ተከራክሬያለሁ። «ባንኩ ያስቀምጥልሃል እንጂ አይሰጥህም» ይሉኝ ነበር። እኔ ነበርኩ ለእናንተ ጥብቅና የቆምኩት። አሁን ስመለስ የምላቸው ጠፍቶኛል።

ትናንት ሐሙስ አናጢው በጠዋት መጣ። ቆርቆሮ የለም። የቀን አበሉን ከፍዬ መለስኩት። ነጋዴው የያዘልኝን ዕቃ እስከ ማክሰኞ ብቻ እንደሚያቆይ ነግሮኛል።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። እስከ ማክሰኞ ጥር 19 ድረስ ሂሳቤ ይከፈት፤ የልደት ቀኔም በዚያው ይስተካከል። የኤምሬትስ መታወቂያን እንደ መኖሪያ ፈቃድ ትቀበሉ አትቀበሉ እንደሆነ የባንኩ ማኅተም ያለበት መልስ ይሰጠኝ። ለእኔ ብቻ አይደለም። ከጎንደር ወጥቶ ኤምሬትስ የሚሠራው ሰው ብዙ ነው፤ ሁሉም በየጊዜው ይህን ካርድ ያድሳል፤ ሁሉም ነገ መስኮት 4 ላይ ይቆማል። በየመስኮቱ የተቀመጡ ሠራተኞቻችሁ ካርዱን እንዲያውቁት አድርጉ። የሌሎች አገሮችን ፈቃድም እንደዚሁ፤ የሳዑዲው የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማውም ካርድ ነው።

ሠራተኛው እህቴን ይቅርታ ይጠይቅ። ይህ ከሂሳቡ ቀጥሎ የሚመጣ ጉዳይ አይደለም። እንዲያውም መጀመሪያ መጻፍ የነበረብኝ እሱን ነው።

እስከ ማክሰኞ ካልሆነ ረቡዕ ጠዋት ሂሳቤን ለማዘጋት ማመልከቻ አስገባለሁ፤ ገንዘቤ በሙሉ ይሰጠኝ። የዚህን ደብዳቤ ቅጂ ደግሞ ለብሔራዊ ባንክ እልካለሁ። ብሔራዊ ባንክ የፋይናንስ አገልግሎት ተጠቃሚዎችን የሚጠብቅ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2020 አውጥቷል፤ ቅሬታዬን በእሱ መሠረት አቀርባለሁ። ወደዚያ ባልደርስ ደስ ይለኛል። እናቴ የምታውቀው ባንክ የእናንተን ብቻ ነው።

የምሄደው ቅዳሜ ጥር 23 ነው። እስከዚያ የአገር ቤት ስልኬ ይሠራል፤ ቁጥሩ ፋይሌ ላይ አለ። ከዚያ በኋላ በእህቴ በኩል አግኙኝ። እሷ ግን ወደ መስኮት 4 አትመለስም። እባካችሁ ሌላ ሰው መድቡላት።

ከአክብሮት ጋር
የሂሳቡ ባለቤት
አዘዞ፣ ጎንደር

አባሪ፦ የፓስፖርትና የኤምሬትስ መታወቂያ ቅጂ፣ የነዋሪነት ማስረጃ ኅትመት፣ የልደት ሰርተፍኬት ቅጂ፣ የውክልና ሰነድ ቅጂ