ማች ዕጣ አይደለም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ቤቱ በዕጣ ነው የደረሰኝ። ለዚህ ይሆናል፣ አሜሪካ ያለው ሐኪም ወንድሜ ለልብ ሕክምና ፌሎሺፕ (ከስፔሻሊቲ ቀጥሎ ለሚወሰድ ሥልጠና) ማመልከቱን የሰሙ ጎረቤቶቼ “ዕጣው መቼ ይወጣል?” የሚሉኝ።

ኧረ “ማች” የሚሉት ይህ ምደባ ዕጣ አይደለም! የሦስት ዓመት የውስጥ ደዌ ሥልጠናውን ሊጨርስ አንድ ዓመት ገደማ ሲቀረው ያመለክታል፣ ቃለ መጠይቅ ይደረግለታል። ከዚያ ሆስፒታሎቹን በምርጫው ይደረድራል። እነሱም አመልካቾችን ይደረድራሉ። ኮምፒውተር ያገናኛቸዋል።

እናታችን ስልኩን ተቀብላኝ “የሚቀበልህን አንደኛ አድርግ እንጂ ልጄ፣ ምን ያንጠራራሃል?” አለችው። ሽሮው እስኪያር ተሟገቱ። የእናት ምክር አይናቅም፤ እዚህ ላይ ግን ተሳስታለች። ስሌቱ የሚነሣው ከአመልካቹ ምርጫ ነው። አንደኛ ያደረገው ቦታ ባይቀበለው፣ ሁለተኛው ላይ ያለው ዕድል አይቀንስም። ስለዚህ ከልቡ የሚፈልገውን ማስቀደም ነው ያለበት። ስሌቱን ካሻሻሉት አንዱ አልቪን ሮት በ2012 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸልሟል። እናቴ ግን በኖቤልም አልተረታችም።

ውጤቱ የሚታወቀው ኅዳር መጨረሻ ግድም ነው። እስከዚያ ጎረቤቶቼ ደረጃው ላይ ባገኙኝ ቁጥር “ደረሰው?” ባይሉኝ ደስ ይለኛል።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከየካ አባዶ