የሚነዝረን ልብስ ነው፣ አትደንግጡ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ የምጽፍላችሁ ከአዳማ ነው። ጉዳዩ ቀላል ሊመስላችሁ ይችላል ግን ባለፈው ጥር ጎረቤቴ ስትጨነቅ አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። ማታ ልጇን ብርድ ልብስ ስትገልጥለት ጨለማው ውስጥ ብልጭ ብልጭ ይላል፣ ይንጣጣል፣ ስትነካው ደግሞ ይነዝራታል፣ እና የሆነ ነገር ተጠግቶት ነው ብላ እንቅልፍ አጥታ ነበር። ሄጄ ሳየው ብርድ ልብሱ ፖሊስተር፣ የልጁ ፒጃማም ፖሊስተር። በቃ ይሄው ነው።

ጨርቅና ጨርቅ ወይም ጨርቅና ቆዳ ሲፋተግ ኤሌክትሮን የሚባለው የኤሌክትሪክ ቅንጣት ካንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል፣ አየሩ እርጥበት ካለው ቻርጁ፣ ማለትም የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ፣ ቶሎ ይጠፋል፣ ደረቅ ከሆነ ግን እዛው ይከማችና ልብሱን እግር ላይ ያጣብቀዋል፣ ሲነኩት ደግሞ ብልጭ ብሎ ይነዝራል። ለዛ ነው ክረምት ላይ እምብዛም የማይሰማን። ከጥቅምት በኋላ ግን የኛን አገር ነፋስ ታውቁታላችሁ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተርባይን የተተከለለት ነፋስ እኮ ነው፣ እና ጠዋት ያሰጣሁት ቀሚስ ቡና ተፈልቶ ሳያልቅ ክው ብሎ ይደርቃል።

እህቴ ከውጭ ስትመጣ ልብስ እንዳይነዝር ማድረቂያ ማሽን ውስጥ የሚከተተውን ሽታ ያለው ስስ ጨርቅ በካርቶን አመጣችልኝ። እሱ የተሰራው በማሽኑ ሙቀት የተቀባው ነገር ልብሱ ላይ እንዲተላለፍ ነው፣ እኔ ደግሞ ያለኝ ገመድ ነው። ፎጣ ላይ ሲደጋገም ውሃ መምጠጡንም ይቀንሰዋል።

እኔ የማደርገው፣ ፖሊስተርና ናይለኑን ከጥጡ ለይቼ አጥባለሁ፣ መጨረሻ በሚለቀለቅበት ሳፋ ውሃ ላይ ግማሽ የሻይ ብርጭቆ ነጭ አቼቶ ጠብ አደርጋለሁ፣ የቀረውን የኦሞ ርዝራዥ ያስለቅቀዋል ጨርቁም ይለሰልሳል፣ ሽታው ሲደርቅ ይጠፋል። ከዛ ጥላ ላይ አስጣለሁ፣ ትንሽ እርጥበት እያለው አወርደውና አራግፌ እሰቅለዋለሁ፣ ዋናው ይሄ ነው፣ ክው ብሎ እስኪደርቅ ከተተወ አቼቶውም ብዙ አይረዳም። ለባብሳችሁ ልትወጡ ስትሉ ከተጣበቀባችሁ ደግሞ የሽቦ መስቀያ በቀሚሱ ውስጠኛ በኩል ከላይ እስከ ታች አሳልፉበት፣ ወይ እጃችሁን በውሃ ነክራችሁ አራግፉና ዳበስ አድርጉት። እግርን ሎሽን መቀባትም ይረዳል። ልጄ ለምርቃት የለበሰችው ቀሚስ ጫፉ ላይ በውስጥ በኩል መርፌ ቁልፍ ሰክቼላት ቀኑን ሙሉ ሳይጣበቅባት ዋለ።

ሁለት ነገር አደራ። አንደኛ፣ ማጠቢያ ማሽን ወይ የብረት በር በነካችሁት ቁጥር ሳያቋርጥ የሚነዝራችሁ ከሆነ ያ የልብስ ጉዳይ አይደለም፣ ኤሌክትሪክ እያፈሰሰ ነው ማለት ነውና ቆጣሪው ጋ ሄዳችሁ አጥፉትና ባለሙያ ጥሩ። የልብሱ አንዴ ጠጭ ብሎ ያበቃል።

ሁለተኛው ይብሳል። አቼቶና በረኪና በፍጹም አንድ ሳፋ ላይ እንዳይገናኙ፣ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ሳንባ ያቃጥላል፣ በተለይ በር ተዘግቶ ሻወር ቤት ውስጥ የምታጥቡ። ነጭ ልብስ በበረኪና ከዘፈዘፋችሁ አቼቶውን ለዛን ቀን ተዉት።

ጎረቤቴ አሁን ለልጇ የጥጥ አንሶላ ከብርድ ልብሱ ስር ታለብሰዋለች፣ ማታ ማታ አልጋው አጠገብ በጎድጓዳ ሳህን ውሃ ታስቀምጣለች፣ ብልጭታው ቀርቷል። ደብዳቤዬ ረዝሞ ቦታ ከጠበባችሁ ሌላውን ቁረጡት፣ የበረኪናዋን ግን እባካችሁ አትቁረጡብኝ።

አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ