ስሙን ብቻ የቀየርኩለት የሕይወት ታሪክ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ውስጥ አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ የክስ አቤቱታ፣ የሥራ መጠየቂያ፣ የዕድር ደንብ ሳይቀር በእጄ ያልፋል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አንድ ጥፋቴን ለመናዘዝና ከዚያው ጥፋት የመጣ አንድ ሐሳብ ለማቅረብ ነው።

በ2013 ምርጫ ሰሞን አንድ ጠዋት አንድ ወጣት የዕጩ የሕይወት ታሪክ ላስጽፍ ብሎ መጣ። በእጅ የተጻፈ አንድ ሉክ ወረቀት ነው የያዘው፤ የትውልድ ዘመን፣ የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ ልምድ። «ለአካባቢው ያደረገው አስተዋጽኦ» ከሚለው ርዕስ ሥር ምንም የለም። ምን ልጻፍ ብለው «አንቺ ታውቂበት የለ፣ ጥሩ ነገር አድርጊበት» አለኝ። አደረግኩበት። «ታታሪ፣ ቅን፣ ለወገኑ ተቆርቋሪ፣ ሕዝብን ለማገልገል ምንጊዜም የተዘጋጀ» እያልኩ ሦስት መስመር ሞላሁና አባዝቼ ሰጠሁት።

በሦስተኛው ቀን የተፎካካሪው ሰው መጣ። እሱም ያንኑ ቦታ ባዶውን ነው ያመጣው። ሰዓቱ ወደ ስድስት ተጠግቷል፤ መብራት ሲሄድ ሲመጣ አርፍዷል፤ ሙቀቱ ከወንበር ጋር ያጣብቃል። የፊተኛውን ፋይል ከፈትኩ፣ ስሙንና የትውልድ ቦታውን ቀየርኩ፣ አተምኩ።

ሁለቱ ወረቀቶች እዚያው ሰፈር ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ተለጥፈው ከረሙ። ምልክታቸው ሁለት፣ ሦስቱ መስመር ግን አንድ። ከቁም ነገር የጣፈው ሰው አልነበረም፤ ዕጩዎቹም ቢሆኑ ያነበቡት አይመስለኝም። እኔ ብቻ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔን ወደ ማዶ እመልስ ነበር።

ሰኔ 14፣ ሰኞ፣ እንደ ሰዉ ተሰልፌ ገባሁ። ስለ ዕጩዎቹ ከጎረቤቶቼ ሁሉ የተሻለ የማውቀው እኔ ነኝ፤ የልደት ቀናቸውን እንኳ በቃሌ ይዤዋለሁ። ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ ግን ዓይኔ ያረፈው ምልክቱ ላይ ነው። ሌላ የማርፍበት ነገር አልነበረኝማ።

ስለ ድሬ ሰው የሚባል ነገር አለ፤ አንቱታ አያውቅም ይሉናል። እውነታቸውን ነው። ሽማግሌውንም ሹሙንም «አንተ» ብለን፣ «አቦ» ብለን ነው የምናወጋው። እንዲህ ሰው ለሰው የቀረበበት ከተማ ወደ ምክር ቤቱ የሚልከውን ሰው በምልክት ብቻ ያውቀዋል። ምክር ቤቱ ደግሞ እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም። በ1996 በወጣው የከተማዋ ቻርተር፣ በአዋጅ ቁጥር 416፣ መሠረት የአስተዳደሩን በጀት የሚያጸድቀው እሱ ነው፤ ከንቲባውም የሚመረጠው ከአባላቱ መካከል ነው።

በምርጫ ጊዜ ለፓርቲዎች የሬዲዮና የቴሌቪዥን የአየር ሰዓት ይደለደላል፤ በጋዜጣም ዓምድ ይሰጣቸዋል። ደግ ነው፤ ይቀጥል። ነገር ግን በዚያ ሰዓት የሚናገረው ፓርቲው ነው፤ የሚናገረውም ስለ አገር ነው። ስለ ሳቢያን ቧንቧ የሚናገር ሰው በአየር ሰዓት ሰምቼ አላውቅም።

ናይሮቢ የምትኖር የእህቴ ልጅ ይህን ስነግራት ስቃ ስታበቃ አንድ ታሪክ አወራችኝ። የኬንያ ፓርላማ በአንድ ወቅት የአባላቱን የትምህርትና የሥራ ታሪክ በድረ ገጹ ላይ አወጣ። አባላቱ አፈሩና ተቃወሙ፤ ድረ ገጹ ተዘጋ። ይህን ጊዜ ኦሪ ኦኮሎህ የተባለች የሕግ ምሩቅ ከአንድ ባልደረባዋ ጋር ሆና «ምዛሌንዶ» የሚባል የራሳቸውን ድረ ገጽ ከፈቱ፤ እያንዳንዱ የምክር ቤት አባል ማን እንደሆነና በምክር ቤት ምን እንደተናገረ ሕዝቡ እንዲያይ። ስሙ በስዋሂሊ «አገር ወዳድ» ማለት ነው አለችኝ። በእንግሊዝ አገርም ዴሞክራሲ ክለብ የሚባል ስብስብ አለ። በጎ ፈቃደኞቹ ከየአካባቢው አስተዳደር የሚወጣውን የዕጩዎች ዝርዝር እየለቀሙ በእጃቸው ይጽፋሉ፤ መራጩ የሰፈሩን የፖስታ ቁጥር ሲያስገባ የእሱ ዕጩዎች ይወጡለታል። ይህን ስሰማ ደስ ያለኝን አልደብቅም፤ ለካ የእኔ ቢጤ ጸሐፊዎች ናቸው!

እንግዲህ የምጠይቀው ይህንኑ ነው። የከተማዋ ነዋሪዎች፣ መምህራን፣ ጡረተኞች፣ የዩኒቨርሲቲያችን ተማሪዎች ተሰባስበው በየምርጫ ክልሉ የሚወዳደሩትን ሁሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ያዘጋጁ። መልሱ ዕጩው እንደጻፈው ይውጣ፤ የፊደል ግድፈቱ እንኳ አይታረም። ስሞቹ በፊደል ተራ ይቀመጡ። የኢንተርኔቱን ወጪ ማን እንደከፈለ እዚያው ይጻፍ። ከሥሩ የሚሳደቡበት ቦታ እንዳይከፈት፤ ስድብ ከሆነ ሌላ ቦታ ሞልቷል። በአማርኛ ብቻም አይሁን፤ ግማሹ ደንበኛዬ የሚያስጽፈኝ በኦሮምኛና በሶማልኛ ነው።

ጥያቄዎቹን ለማውጣት ምሁር መፈለግ ያለብን አይመስለኝም። ከሱቄ ፊት ለፊት ጫት የምትሸጥ ሴት አለች። ፊደል አልቆጠረችም፤ የያዘችው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። ያን ጊዜ ከእነዚያ ወረቀቶች አንዱን ጫት ልትጠቀልልበት አንስታ፣ ፎቶውን አየት አደረገችና «እስቲ አንብቢልኝ» አለችኝ። በኦሮምኛ እየተረጎምኩ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ቤቱ የት ነው?» አለች። ወረቀቱ አይልም። «ልጆቹ የት ነው የሚማሩት?» አይልም። «ውሃ ሲጠፋ እሱስ ከየት ነው የሚቀዳው?» እሱንም አይልም። «ታዲያ ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?» አለችኝና ጫቷን ጠቀለለችበት።

ከዚያ ወዲህ በቅጹ ላይ የሚቀመጡት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥያቄዎች የእሷ ናቸው ብዬ ቆርጫለሁ። እኔ የምጨምረው ስለ ደቻቱ ነው። በ1998 ክረምት ሌሊት ሞልቶ መጥቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደብንን ወንዝ ዛሬ በበጋ ብታዩት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። ያን ሌሊት ውሃው የወረደው ከላይ ከደጋው ነበርና የእኛን ሰማይ አይቶ መተኛት አይቻልም። ከወንዙ ዳር ቤት የሚሠራውን ሰው ዕጩው ምን ይለዋል? ይነሣ ነው ወይስ ይቆይ? ይነሣ ከሆነ ወዴት? ስለ ውሃችንም ልጨምር። የከተማው የመጠጥ ውሃ ጉድጓዶች ያሉት በእኛው በሳቢያን በኩል ነው፤ የሻይ ማንቆርቆሪያዬ ሥር ግን የጋገረው ነጭ ድንጋይ በቢላም አይፋቅ።

አልመልስም ያለ ዕጩ ቢኖርስ? ስሙ ይውጣ፣ ጥያቄው ይውጣ፣ ከሥሩ ባዶ ይተው። አጥብቄ የምለምነው ይህንን ነው። እኔ ያን ባዶ ቦታ ሁለት ጊዜ ሞልቼዋለሁ። እንዳለ ብተወው ኖሮ ጫት ሻጯ ጎረቤቴ ከወረቀቱ ቢያንስ አንድ እውነት ታገኝ ነበር።

ድረ ገጽ ለማን ይደርሳል ለሚሉኝ፣ ልክ ናቸው፤ ለእሷ አይደርስም። ስለዚህ ያው ገጽ በወረቀት ታትሞ በየቀበሌው ደጃፍ፣ በየሻይ ቤቱ ይለጠፍ። በ2013 ምርጫው አራት ቀን ሲቀረው ቅስቀሳ ቆሞ የጥሞና ጊዜ ተባለ። በእነዚያ አራት ቀናት አስብበት ዘንድ በእጄ የነበረው የራሴ ሦስት መስመር ብቻ ነበር።

ቅጹን በሦስቱም ቋንቋ ለመጻፍና ለሰፈሬ የሚበቃውን ያህል ለማባዛት ፈቃደኛ ነኝ፤ ወረቀቱም ቀለሙም ከእኔ። ሥራውን የሚጀምር ሰው ካለ ሳቢያን መጥቶ ያነጋግረኝ። ብቻ ከሰዓት በፊት ይሁን፤ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሙቀቱ ስለማያስቀምጥ እዘጋለሁ።

የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት
ሳቢያን፣ ድሬዳዋ