ከአዲስ በተን በፊት የሊንኮቹ አደራደር ይስተካከል

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ እንደምን ከረማችሁ። የቴክኖሎጂ ገጻችሁን ስለማነብ ነው ይቺን ደብዳቤ የምልከው፣ በአማርኛ የሊንክ ማጋሪያ ሳይት (ተጠቃሚዎች ሊንክ የሚያመጡበትና ላይክ የሚሰጡበት) ለሚሰሩና ሊሰሩ ለሚያስቡ ልጆች እንድታደርሱልኝ።

እኔ ከምገባባቸው አንዱ ላይ በየጊዜው የሆነ ነገር ይጨመራል፣ ስቲከር፣ ባጅ፣ ዳርክ ሞድ ምናምን፣ ዋናው ነገር ግን እንደነበረ ነው። ብዙ ላይክ ያለው ከላይ ይቀመጣል፣ ከላይ ስላለ ሁሉም ያየዋል፣ ስላየው ደግሞ ላይክ ያደርገዋል፣ እንዲህ እያለ የአንድ ታዋቂ ሰው ወሬ ሳምንቱን ሙሉ እዛው ተቀምጦ ይከርማል፣ አንዱ ለፍቶ ፈልጎ ያመጣው ስለ ስንዴ ዋግ የተጻፈ ጥሩ ጽሁፍ ግን ማንም ሳያየው ወርዶ ይቀራል። ሰው ቁምነገር አይወድም እየተባለ በተጠቃሚው ይፈረዳል፣ እኔ ግን ጥፋቱ የአደራደሩ ነው ባይ ነኝ።

ደግሞ መላ የጠፋለት ነገር አይደለም እኮ። ሬዲት የሚባለው የውጭ የሊንክ ማጋሪያ በ2008 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ኮዱን ክፍት አድርጎት ስለነበር ሊንኮቹን እንዴት ይደረድር እንደነበር ይታወቃል። ተጠቃሚዎች ለሊንኩ የሰጡት ድምጽ በሎጋሪዝም ነው የሚሰላው፣ ማለትም ከ1 ወደ 10 መድረስና ከ10 ወደ 100 መድረስ እኩል ይቆጠራል፣ ከዛ ላይ ሰዓቱ ይገባል፣ ከሌላው በ12 ሰዓት ተኩል ቀድሞ የገባ ሊንክ ከአዲሱ እኩል ለመቆም 10 እጥፍ ድምጽ ማምጣት አለበት። ሃከር ኒውስ የሚባለው ሌላ የሊንክ ማጋሪያም ላይ ሊንኩ ባረጀ ቁጥር ድምጹ የሚካፈልበት ቁጥር እያደገ ይሄዳል፣ ሊንኩም እየወረደ ይመጣል። ይሄ በጥቂት መስመር ኮድ የሚያልቅ ስራ ነው፣ ለምን እንደሚዘለል አይገባኝም። ኮመንት ላይም እንደዛው፣ ሬዲት በ2009 ያመጣው አሰራር አንድ ሰው ብቻ አይቶት የደገፈውን ኮመንት መቶ ፐርሰንት አገኘ ብሎ አያስቀድመውም፣ 100 ሰው ድምጽ ሰጥቶበት 90ው የደገፈውን ነው የሚያስቀድመው፣ ቀመሩ ደግሞ ዊልሰን የሚባል የስታቲስቲክስ ሰው በ1927 ያወጣው ነው።

ሁለተኛው የሚያናድደኝ ሰርቹ ነው። ኃይለ ሥላሴ ብለህ ስትፈልግ ሀይለ ስላሴ ተብሎ የተጻፈው አይመጣም፣ ፀሐይ ብትል ጸሀይ የለም፣ እኛ ደግሞ ስንጽፍ እንደ ኪቦርዳችንና እንደ ልማዳችን ነው፣ ማንንም ፊደል አስተካክለህ ካልጻፍክ ማለት አይቻልም። መፍትሄው ሀን ሃን ሐን ሓን ኀን ኃን፣ ሰን ሠን፣ አን ዐን፣ ጸን ፀን ለፍለጋው ብቻ አንድ አድርጎ መያዝ ነው፣ ለአንባቢ የሚታየው ጽሁፍ ጸሀፊው እንደጻፈው ይቀመጣል። ለእንግሊዝኛ የተሰራ ሶፍትዌር ይሄን በራሱ አያውቀውም፣ እኛው ነን የምንጨምርለት።

ርዕሱም ነገር አለ። "ሰበር" ተብሎ ተከፍቶ ውስጡ የአምና ቪዲዮ የሚሆነው ሊንክ የስንቱን ዳታ እንደሚበላ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሎብስተርስ የሚባለው ሳይት ላይ ተጠቃሚዎች የተሻለ ርዕስ መጠቆም ይችላሉ፣ አስተዳዳሪዎቹ ምን እንዳነሱና ምን እንደቀየሩም ለሁሉም በሚታይ መዝገብ ላይ ይወጣል። በተለይ ይቺ መዝገብ ለኛ ታስፈልገናለች፣ ሊንክህ ሲጠፋ ማን ለምን እንዳጠፋው ካላየህ ወዲያው በዘር ነው በፖለቲካ ነው ማለት ይመጣል፣ ከዛ በኋላ ሰው መመለስ ከባድ ነው።

ግን ሲቀየርም ተጠቃሚውን እየጠየቁ ቢሆን። ዲግ በ2004 ተጀምሮ ከሊንክ ማጋሪያዎች ሁሉ ትልቁ ለመሆን የበቃ ሳይት ነበር፣ በነሐሴ 2010 ግን ሁሉን ነገር ባንዴ ለወጠው፣ ያልወደዱትን ሊንክ ዝቅ ማድረጊያውን በተን አነሳ፣ ትላልቅ ሚዲያዎች ጽሁፋቸው በራሱ እንዲገባ ፈቀደ፣ ለዓመታት ሊንክ ሲያመጡ የኖሩት ሰዎች ተቆጥተው ወደ ሬዲት ሄዱ፣ በ2012 ስሙና ሳይቱ በግማሽ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው የተሸጠው። ያን ሁሉ ሰው ያጡት በአንድ አፕዴት ነው።

ለእናንተ ለጋዜጦችም ጥያቄ አለኝ። ዌብሳይታችሁን በቀየራችሁ ቁጥር የድሮ ጽሁፎች አድራሻ ይሞታል፣ እኛ አስቀምጠነው የነበረው ሊንክ ሲነካ "ገጹ አልተገኘም" ነው የሚለው፣ አምስት ዓመት የተሰበሰበ ነገር ባንድ ቀን ይጠፋል። የድሮው አድራሻ ወደ አዲሱ እንዲያሸጋግር ለኮምፒውተር ባለሙያዎቻችሁ ብትነግሩልን ብዙ ነገር ይተርፋል፣ ሳይት ሰሪዎቹም ሊንክ ሲገባ የድረ ገጾችን ቅጂ የሚያስቀምጠው ዌይባክ ማሽን ላይ ቅጂው አብሮ እንዲቀመጥ ቢያደርጉ፣ በነጻ የሚሰጥ አገልግሎት ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ